ጥያቄው ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት ይጠየቅ

የምርጫ ሰሞን ሲመጣ ፖለቲከኞች ባቡር ጣቢያ ይወዳሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። እሁድ ጠዋት በአፉላ ባቡር ጣቢያ ቦርሳውን ያነገተ ወታደር፣ ወደ ሃይፋ የሚሄድ ተማሪ፣ የሐኪም ቀጠሮ ያላት እናት፣ ፈረቃ እንዳያመልጠው የሚሮጥ ሠራተኛ ሁሉም በአንድ በር ያልፋሉ። ተወዳዳሪው ቆሞ እጅ ይጨብጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ወረቀት ያድላል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ከተማ ይሄዳል። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች በብዛት በሚኖሩባቸው ከተሞች ደግሞ ትንሽ ይጨመርበታል። ነጠላ ትከሻ ላይ ጣል ይደረጋል፣ እንጀራ ይቀመሳል፣ «ሰላም ነው?» የምትል አንዲት የአማርኛ ቃል ትወረወራለች፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል።

ታዲያ ያን ቀን በሩ ላይ ከጭብጨባው ሌላ ምን ይጠብቀዋል?

በሕጉ መሠረት ቀጣዩ የክኔሴት ምርጫ ከኦክቶበር 2026 ማለፍ የለበትም። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪዎች በየጣቢያው፣ በየአዳራሹና በየገበያው መታየታቸው አይቀርም። እነሱ በሚታዩበት ቦታ ሁሉ በሰላም፣ በሥርዓት፣ አንድ ግልጽ ጥያቄ ይዞ መቆም የማኅበረሰቡ ቋሚ ልማድ መሆን አለበት። እስካሁን የተለመደው ግን ሌላ ነው። ሰልፍ፣ እዚህ አገር ሁሉም «ሃፍጋና» የሚለው፣ የሚወጣው ከቀብር በኋላ ነው።

ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት መለስ ብሎ ማየት ይበቃል። በጃንዋሪ 1996 የደም ባንክ ከኢትዮጵያ የመጡ ለጋሾችን ደም በድብቅ ሲጥል እንደነበር በጋዜጣ ተጋለጠ፤ አሥር ሺህ የሚገመት ሕዝብ በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ለፊት ተሰበሰበ። በጃንዋሪ 2012 በቂርያት ማላኪ ነዋሪዎች ለኢትዮጵያውያን ቤት ላለመሸጥና ላለማከራየት መስማማታቸው ሲሰማ ሰልፍ ተጠራ። በኤፕሪል 2015 ዩኒፎርም የለበሰው ወታደር ደማስ ፓካዳ በሆሎን በፖሊሶች ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ ኢየሩሳሌምና ቴል አቪቭ በሰልፍ ተናወጡ። በጃንዋሪ 2019 ይሁዳ ቢያድጋ በባት ያም፣ በዚያው ዓመት ጁን 30 ሰለሞን ተካ በቂርያት ሃይም በፖሊስ ጥይት ሞቱ። ከሰለሞን ሞት በኋላ በመላ አገሪቱ መንገዶች ተዘጉ፣ ጎማ ተቃጠለ፣ ከመቶ በላይ ሰው ታሰረ።

እነዚህ ሰልፎች ከንቱ ነበሩ ማለት አይደለም። የ2015ቱ ቁጣ ባይኖር በፍትህ ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ አይቋቋምም ነበር፤ በ2016 ያወጣው ሪፖርት የዘር መድልዎ መኖሩን በመንግሥት ወረቀት ላይ አስፍሯል፣ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍልም በሚኒስቴሩ ውስጥ ተከፍቷል። መንገድ መዘጋቱ የአገሩን ጆሮ መክፈቱን መካድ ሐሰት ይሆናል። ግን ዋጋውን ማን ከፈለ? የታሰሩት ልጆች፣ ፋይል የተከፈተባቸው ወጣቶች፣ ከሥራና ከወታደራዊ ምደባ በፊት «የፖሊስ መዝገብ አለህ ወይ» የተባሉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰዓቱ ያሳዝናል። አንድ ሰው ከሞተ በኋላ የሚጠየቅ ፖለቲከኛ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «አዝናለሁ፣ ይጣራል»። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ አባቶች። ተረቱ የሚወቅሰው መጮሁን አይደለም፣ መዘግየቱን ነው።

ከምርጫ በፊት የተጠየቀ ፖለቲከኛ ግን ሌላ ሰው ነው። ለዚህ ማስረጃው ከማኅበረሰቡ ታሪክ ውስጥ አለ። የ1996ቱ ሰልፍ የተደረገው በጃንዋሪ ነበር፤ ምርጫው በዚያው ዓመት ሜይ 29 ሆነ። ከሰልፉ መሪዎች አንዱ የነበረው አዲሱ መሳላ በዚያ ምርጫ በሌበር ፓርቲ ዝርዝር ገብቶ ከኢትዮጵያ የመጣ የመጀመሪያው የክኔሴት አባል ሆነ። አደባባይ ላይ የተጮኸው በአራት ወር ውስጥ ምክር ቤት ገባ ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠባበቁት ቤተሰቦች ጉዳይ ነው። በኖቬምበር 2015 መንግሥት ወደ 9 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን ለማምጣት ወሰነ፤ ገንዘቡ ግን አልተመደበም። በዚያን ጊዜ የመንግሥቱ ጥምረት 61 መቀመጫ ብቻ ነበረው። ሁለት የሊኩድ አባላት፣ አብርሃም ነጉሴና ዳቪድ አምሳለም፣ «ገንዘቡ እስኪመደብ ከጥምረቱ ጋር ድምፅ አንሰጥም» አሉ። በኤፕሪል 2016 ስምምነት ተደረሰ፤ በኦክቶበርም የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ገቡ። ያን ውጤት ያመጣው የሁለት ድምፅ መጉደል ነው፤ ማንም ድንጋይ አልወረወረም።

ሦስተኛውን ምሳሌ ፖለቲከኞቹ ራሳቸው ሰጥተዋል። በፌብሩዋሪ 2020፣ ከማርች 2ቱ ምርጫ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ፣ 43 ሰዎች ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ገቡ። ለእነዚያ ቤተሰቦች ደስታ ነበር፣ እንባም ነበር፤ ማንም አይቀናባቸውም። ግን ለዓመታት «አይቻልም» ሲባል የኖረ ነገር የምርጫ ቀን ሲቀርብ እንደሚቻል አሳየ። የምርጫው ሰሞን የሚከፍተው በር ካለ መንኳኳት ያለበት ያኔ ነው።

«እኛ ጥቂት ነን፣ ማን ይሰማናል?» የሚል መልስ ይመጣል። ከኢትዮጵያ የመጡና እዚህ የተወለዱ ልጆቻቸው ቁጥር ከ160 ሺህ በላይ ነው፤ ብዙዎቹ ገና ድምፅ ለመስጠት ያልደረሱ ልጆች መሆናቸውም እውነት ነው። ይሁን እንጂ በኖቬምበር 2022 ሜሬፅ ከክኔሴት የወጣው ወደ 4 ሺህ ገደማ ድምፅ ጎድሎት 3.25 በመቶ የሆነውን መግቢያ ስላላለፈ ነው። አራት ሺህ ድምፅ ማለት ጥቂት ሰፈሮች ናቸው። በአፉላ፣ በሃዴራ፣ በነታንያ፣ በረሆቮትና በአሽቀሎን የሚኖር ሕዝብ ድምፄ ትንሽ ነው ብሎ ራሱን ማሳነስ የለበትም።

ሕጉስ ምን ይላል? ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ በር ክፍት ነው። በፖሊስ ሕጉ ፈቃድ፣ ማለትም «ሪሻዮን»፣ የሚያስፈልገው ሃምሳና ከዚያ በላይ ሰው ከቤት ውጭ ተሰብስቦ የፖለቲካ ንግግር ሲደረግ ወይም በመንገድ ላይ ጉዞ ሲኖር ነው። ከዚያ ያነሰ ሰው፣ ወይም ንግግርና ጉዞ ሳይኖር ጽሑፍ ይዞ የቆመ ሕዝብ፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። ፈቃድ ሲያስፈልግ ማመልከቻው ቢያንስ አምስት ቀን አስቀድሞ ለፖሊስ ይገባል፤ ከተከለከለ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። «ተቃዋሚ ሊመጣባችሁ ስለሚችል አትውጡ» የሚል መልስ ብቻውን አይበቃም። ፌብሩዋሪ 1983 ኤሚል ግሩንጽቫይግ በኢየሩሳሌም በሰላም ሰልፍ ላይ በቦምብ ከተገደለ በኋላ፣ በሠላሳኛው ቀን በዚያው መንገድ እንደገና ለመሄድ የጠየቁ ሰዎች ተከልክለው ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደ። የፖሊስ ሥራ ሰልፈኛውን ከሚያጠቃው ሰው መጠበቅ እንጂ ሰልፈኛውን ቤቱ ማስቀመጥ እንዳልሆነ ከዚያ ጀምሮ የታወቀ ነው።

ሕጉ ሌላ ወገንም አለው። በ1959 የወጣው የምርጫ ቅስቀሳ ሕግ አንዱ ወገን የሌላውን ቅስቀሳ አግባብ በሌለው መንገድ እንዳያደናቅፍ ይከለክላል። ጽሑፍ ይዞ መቆምና ጥያቄ መጠየቅ አንድ ነገር ነው፤ ማይክ መንጠቅ፣ መድረክ መዝጋት፣ የተወዳዳሪውን መኪና መክበብ ሌላ ነገር። ይህን መስመር የሕግ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ስህተት ነው። ለብልህነትም ይጠቅማል።

በ1981 የምርጫ ዘመቻ ሺሞን ፔሬስ በየከተማው ሲዞር ቲማቲም ተወረወረበት፣ በጩኸት ንግግሩ ተቋረጠ። የሚጮኹት ሰዎች ብዙዎቹ ከሰሜን አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ፤ ስለ ማዓባራ ሕይወት፣ ስለ ሥራና ስለ ንቀት እውነተኛ ቅሬታ ነበራቸው። ዛሬ ግን ስለዚያ ዘመቻ ሲወራ በሰው አፍ የሚመጣው ቲማቲሙ ነው፤ ቅሬታው ከኋላ ቀርቷል። የተወረወረ ነገር ጥያቄውን ይሸፍነዋል።

በሌላ በኩል ማቋረጥ ውጤት ያመጣበት ጊዜም አለ። በኦገስት 2015 በሲያትል ከተማ ሁለት ጥቁር ሴቶች የሴናተር በርኒ ሳንደርስን መድረክ ወጥተው ማይኩን ያዙ፤ ሴናተሩ ንግግሩን ሳያደርግ ሄደ። ሕዝቡ ከፊሉ ጮኸባቸው። በዚያው ሰሞን ግን የሳንደርስ ዘመቻ ስለ ዘር ፍትህ ዝርዝር ፕሮግራም አወጣ። ይህን ያዩ ወጣቶች «እንግዲህ ጨዋነት ለምን?» ቢሉ አይገርምም። መልሱ ግን ከልዩነቱ ውስጥ አለ። ሳንደርስ የጥቁሮችን ድምፅ ይፈልግ ነበር፤ ስለዚህም ተቆጥቶ መሄድ አልቻለም። እዚህ አገር አንድ ተወዳዳሪ ከኢትዮጵያውያን ጩኸት ውስጥ ሌላ ድምፅ ሊያተርፍበት ይችላል፤ «አያችሁ፣ ከእነዚህ ጋር መነጋገር አይቻልም» ብሎ። ያን ዕድል በነጻ መስጠት አይገባም።

አፉላ ስለ ሰልፍና ስለ ምርጫ የራሷ ትምህርት አላት። በ2018 በከተማዋ አንድ ቤት ለአረብ ቤተሰብ መሸጡን በመቃወም ሰልፍ ተደረገ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ምርጫ በዚያው ዓመት መጨረሻ ነበር። ሰልፉ ያለ ድንጋይና ያለ እሳት ሊደረግ ይችላል፤ ጥያቄው ግን «ጎረቤቴ እከሌ እንዳይሆን» ከሆነ ሰላማዊ መሆኑ ብቻውን አያጸድቀውም። ቂርያት ማላኪ በ2012 የሆነውን የሚያስታውስ ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገውም። በር ላይ «ለእናንተ አይሸጥም» የተባለ ሕዝብ ወደ ተወዳዳሪው ፊት ሲወጣ የሚይዘው ጥያቄ ለማንም ቢነበብ የማያሳፍር መሆን አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ክርክር ያለው ግን በየቤቱ ሳሎን ነው። ወጣቱ «ዝም ብለን እስከ መቼ?» ይላል። አባት «ልጄ፣ ከመንግሥት ጋር አትጋፋ» ይላል። አባትየውን ፈሪ ማለት ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። በደርግ ዘመን ሌሊት በእግሩ ወደ ሱዳን የወጣ ሰው ከባለሥልጣን ፊት ዞር ማለትን የተማረው ለነፍሱ ሲል ነው። ዘግይተው የመጡትም የራሳቸው ትዝታ አላቸው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 29 ቀን 1997 ኢሕአዴግ፣ በማግስቱ ሚያዝያ 30 ቅንጅት በመስቀል አደባባይ ሕዝብ ጠሩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በሁለት ተከታታይ ቀናት ወጥቶ በሰላም ወደ ቤቱ ገባ። ደሙ የፈሰሰው ከምርጫው በኋላ ነው፤ አጣሪ ኮሚሽኑ 193 ሰላማዊ ሰዎች መገደላቸውን አረጋግጧል። ያን ያየ ሰው ልጁ ፖሊስ ፊት ሲቆም ቢንቀጠቀጥ ምክንያት አለው።

ግን ከዚያው ትዝታ ውስጥ ሌላም ነገር አለ። ሁለት የሚፎካከሩ ወገኖች በሁለት ቀን ውስጥ በአንድ አደባባይ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ሳያውክ መዋላቸው። ሥርዓት ያለው ሰልፍ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የሽማግሌው ጥንቃቄና የወጣቱ ቁጣ አንድ ላይ ቢቆሙ ማንም የማይንቀው ሰልፍ ይሆናሉ። ቄስና ሽማግሌ ከፊት፣ እናቶች ከጎን፣ የሠራዊት አገልግሎቱን የጨረሰ ወጣት ከኋላ ቆሞ ሲታይ፣ ያን ሥዕል «ሁከት» ብሎ መጥራት ለማንም ይከብደዋል።

እንግዲህ በተግባር፣ በአፉላ ጣቢያ ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ ቦታው ይታወቅ። የሸለቆው ባቡር በኦቶማኖች ዘመን በ1905 የተከፈተ፣ ከዚያ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተቋርጦ በኦክቶበር 2016 ከሃይፋ እስከ ቤት ሼአን እንደገና የተጀመረ መስመር ነው። በራፋኤል ኤይታን ስም የተሰየመው የአፉላ ጣቢያ ለብዙ ሰው የሥራና የሆስፒታል መንገዱ ነው። መግቢያው ላይ የቦርሳ ፍተሻ አለ። በዚህች ከተማ በኤፕሪል 1994 አውቶቡስ አጠገብ በፈነዳ ቦምብ 8 ሰዎች ሞተዋል፤ በመጓጓዣ ቦታ ላይ ድንገተኛ ግርግር ሲነሳ የሰው ልብ ለምን እንደሚደነግጥ መረዳት ያስፈልጋል። ስለዚህ መቆሚያው ከበሩ ራቅ ብሎ፣ በውጭው ሜዳ ላይ ይሁን። የሚያልፍ ወታደር፣ የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናትና በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው መንገዳቸው አይነካ። ባቡር ያመለጠው ሰው ጥያቄውን አይሰማም፣ ጠያቂውን ይጠላል።

ሁለተኛ፣ ጥያቄው አንድ ይሁን። አሥር ብሶት በአሥር ወረቀት ከተጻፈ ጋዜጠኛው የሚመርጠው በጣም የሚሳደበውን ነው። «ከፖሊስ ጋር በተያያዘ የፓልሞርን ምክሮች ለመፈጸም በመጀመሪያው ዓመት ምን ታደርጋለህ?» ወይም «በጎንደር ለሚጠብቁት በጀት ትመድባለህ ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ፣ በዕብራይስጥና በአማርኛ፣ በትልቁ ተጽፎ ይያዝ። በወረቀትም ታትሞ ለተወዳዳሪው እጅ በእጅ ይሰጥ።

ሦስተኛ፣ ጥያቄው ለሁሉም ፓርቲ አንድ ዓይነት ይሁን። ለሊኩዱ የቀረበው ለተቃዋሚውም፣ ለሃይማኖተኛውም ለዓለማዊውም ይቅረብ። የፓርቲ ቲሸርት ለብሶ የመጣ ሰው ልብሱን ይቀይር ወይም ወደ ፓርቲው ሰልፍ ይሂድ። አንዱን ብቻ የሚጠይቅ ሰልፍ የሌላው ተቀጣሪ ተደርጎ ይታያል፤ አንዳንዴም ነው።

አራተኛ፣ ተወዳዳሪው ሲናገር ዝም ይባል፤ ሲጨርስ ይጠየቅ። ዝምታ ከባድ ነው፤ ካሜራ ፊት ግን መቶ ሰው ጽሑፍ ይዞ በጸጥታ ሲቆም ከጩኸት ይልቅ ያስፈራል። ሥርዓት አስከባሪዎች በግልጽ ይታወቁ፣ ከፖሊስ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው ይመረጥ፣ የሚያበቃበት ሰዓት ቀድሞ ይነገርና በዚያ ሰዓት ይበተን። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቪዲዮ ይቀረጽ። የተቆረጠ ቪዲዮ ሁለት ወገን አለው፤ ሙሉ ቪዲዮ ግን ምስክር ነው።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው መዝገብ ነው። ማን መለሰ፣ ማን ዝም አለ፣ ማን በጀርባ በር ወጣ፣ ይጻፍ። ከምርጫው ሳምንት በፊት በየምኩራቡ፣ በየማኅበረሰብ ማዕከሉና በአማርኛ መገናኛ ብዙኃን ይነበብ። ከምርጫው በኋላም ወንበር ያገኘው ሰው ቢሮ በር ላይ ያው ወረቀት እንደገና ይቅረብ። መዝገብ የሌለው ሰልፍ ከሰዓት በኋላ ይረሳል።

ፖሊስም ድርሻ አለው። ከኢትዮጵያ የመጡ ሰዎች የተሰበሰቡበትን ቦታ ሁሉ እንደ አደጋ የማየት ልማድ ካለ፣ ያ ልማድ መጀመሪያ የሚፈተነው እንደዚህ ባለ ጸጥተኛ ሰልፍ ላይ ነው። በሌላ ሰፈር ጽሑፍ ይዞ ለቆመ ሰው የሚሰጠው ትዕግሥት በአፉላ ጣቢያ ለቆመችው እናትም ይገባታል፤ አንዲት ነጥብ ሳይቀነስ። ፓርቲዎችም እንዲሁ። ነጠላ ለብሶ ፎቶ የሚነሳ ተወዳዳሪ ነጠላውን ያለበሱት ሰዎች የሚጠይቁትን ለመስማት አምስት ደቂቃ ካጣ፣ የመጣው ለፎቶው ብቻ እንደነበር ያን ጊዜ ይታወቃል።

ወላጆች ልጆቻቸውን «አትውጣ» ከማለት ይልቅ አብረዋቸው ይውጡ። ልጆችም አባቶቻቸውን «ፈሪ» ከማለት ይልቅ ከፊት መስመር ቦታ ይስጧቸው። የሚቀጥለው ስም በጋዜጣ እስኪወጣ፣ የሚቀጥለው ድንኳን እስኪተከል መጠበቅ አያስፈልግም። ተወዳዳሪው ራሱ እየመጣ ነው፤ ሰዓቱም ቦታውም ቀድሞ ይታወቃል።